ዜሮ ወለድ ያለው የባላንስ ትራንስፈር አጠቃቀም፦ አሜሪካ ላለን ሰዎች

ክሬዲት ካርድ ላይ ዕዳ ያለበት ሰው በወር ስንት ወለድ እንደሚከፍል ብዙ ጊዜ ልብ አይልም። ስቴትመንቱ ላይ ግን በግልጽ ተጽፏል። ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 6,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ የያዘ ሰው በወር ወደ 120 ዶላር ለወለድ ብቻ ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ አንድም ዶላር ዕዳውን አይቀንስም።

ይህን ወለድ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ማስቆም ይቻላል። መንገዱ ባላንስ ትራንስፈር ይባላል። አዲስ ካርድ ታወጣላችሁ። አዲሱ ባንክ የድሮውን ካርድ ዕዳ ይከፍልላችኋል። ከዚያ በኋላ ዕዳችሁ ለአዲሱ ባንክ ነው፤ ለተወሰነ ጊዜም ወለድ የለውም። ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር ነው። እንደ ሲቲ እና ዌልስ ፋርጎ ያሉ ትልልቅ ባንኮች እስከ 21 ወር የሚሰጡ ካርዶች አውጥተዋል።

ባንኩ ይህን የሚያደርገው ስለሚያተርፍበት ነው። መጀመሪያ የማዛወሪያ ክፍያ ይቀበላል። ቀጥሎ ደግሞ ብዙ ሰው ጊዜው ሲያልቅ ዕዳውን እንደማይጨርስ ያውቃል። ስለዚህ ዜሮ ወለድ የሚጠቅመው የመጨረሻውን ቀን ከመጀመሪያው ቀን አስቦ ለገባ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

1. ያለባችሁን ዕዳ በወረቀት ላይ አውጡት

ካርዶቻችሁን በሙሉ አንድ በአንድ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ካርድ የቀረውን ዕዳ፣ የዓመት ወለዱን፣ ባንኩን እና የመክፈያ ቀኑን አስቀምጡ። ባንኩን መጻፍ ለምን ያስፈልጋል? ዕዳን ከአንድ ባንክ ወደዚያው ባንክ ሌላ ካርድ ማዛወር አይቻልም። የቼዝ ካርድ ዕዳ ወደ ሌላ የቼዝ ካርድ አይሄድም። ይህን ሳያውቁ አመልክተው አዲስ ካርድ ብቻ ይዘው የሚቀሩ አሉ።

ከዚያ ሌላ ቁጥር ጨምሩበት፦ ቤት ኪራይ፣ መኪና፣ ኢንሹራንስ፣ አገር ቤት የምትልኩት፣ የምግብ ወጪ ሁሉ ተቀንሶ በየወሩ በእርግጥ ለዕዳ የሚተርፋችሁ ስንት ነው? የምትመኙትን ሳይሆን የሚተርፈውን ጻፉ። አገር ቤት የሚላከውን ከሒሳቡ ያወጣ ሰው ዕቅዱ ሁለት ወር አይቆይለትም። እናት ስትታመም አልልክም የሚል የለም።

2. ክሬዲታችሁን እዩ

እንዲህ ዓይነት ካርድ የሚሰጠው ጥሩ ክሬዲት ላለው ሰው ነው። በጥቅሉ ስኮራችሁ (የክሬዲት ነጥባችሁ) ከ670 በላይ ከሆነ ዕድል አላችሁ፤ ከ700 በላይ ከሆነ የተሻለ ነው። ሪፖርታችሁን አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። ስማችሁን በተለያየ አጻጻፍ መዝግበውት እንደሆነም አረጋግጡ። የእኛ ሰው ስም በአባትና በአያት ስም እየተምታታ የሌላ ሰው ዕዳ ሲገባበት ይታያል።

ብዙ ባንኮች ድረ ገጻቸው ላይ ሳታመለክቱ በፊት ካርዱ ሊሰጣችሁ ይችል እንደሆነ ያሳያሉ። ይህ ስኮራችሁን አይነካም። ዋናው ማመልከቻ ግን ለትንሽ ጊዜ ጥቂት ነጥብ ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት አምስት ቦታ አታመልክቱ።

አገሩን በቅርብ የረገጣችሁ ከሆነ እና ክሬዲት ገና ያልገነባችሁ ከሆነ፣ ይህ መንገድ ለጊዜው አይሆንም። ተቀማጭ ተደርጎበት በሚሰጥ ሴኪዩርድ ካርድ ጀምሩ።

3. ዋጋውን አስሉ

ዜሮ ወለድ ማለት በነጻ ማለት አይደለም። አብዛኛው ካርድ ከሚዛወረው ገንዘብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያስከፍላል። 6,000 ዶላር በ3 በመቶ ስታዛውሩ 180 ዶላር ይጨመርና ዕዳችሁ 6,180 ይሆናል። ለ18 ወር ሲካፈል በወር ወደ 344 ዶላር ነው።

ይህንኑ 344 ዶላር በድሮው ካርድ ላይ በ24 በመቶ ወለድ እየከፈላችሁ ብትቀጥሉ ዕዳው የሚያልቀው ወደ 22 ወር ገደማ ቆይቶ ነው። ለወለድ ብቻም ወደ 1,450 ዶላር ይወጣል። ልዩነቱ ከ1,200 ዶላር በላይ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሁን ደግሞ ክፍያውን እንደ ወለድ እንየው። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በአማካይ በእጃችሁ የሚቆየው ከተበደራችሁት ግማሹ ያህል ነው። ስለዚህ የ3 በመቶ ክፍያ በ18 ወር ሲሰላ በዓመት ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ማለት ነው። 5 በመቶ ከሆነ ወደ 6 በመቶ ይሆናል። 5 በመቶ ከፍላችሁ ጊዜው 12 ወር ብቻ ከሆነ ግን ወደ 9 በመቶ ይደርሳል። የካርዱን ማስታወቂያ ስታዩ ዓይናችሁ ዜሮው ላይ ብቻ አይቅር። ክፍያውና የወሩ ብዛት አንድ ላይ ናቸው ዋጋውን የሚወስኑት።

ክሬዲት ዩኒየኖችንም (በአባላት ባለቤትነት የሚሠሩ የቁጠባና ብድር ተቋማትን) ጠይቁ። አንዳንዶቹ የማዛወሪያ ክፍያ አይጠይቁም። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች ደግሞ ሊያስከፍሉ የሚችሉት ወለድ ጣሪያው 18 በመቶ ነው። ጊዜው ካለፈባችሁ እንኳ የሚጠብቃችሁ ወለድ ይቀላል።

በእምነታቸው ምክንያት ወለድ የማይነኩ ወገኖች አሉ። ለእነሱ አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፦ ውሉ ራሱ ጊዜው ሲያልፍ ወለድ እንደሚታሰብ ይናገራል። ይህ ለእናንተ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን ከመፈረማችሁ በፊት የምታምኗቸውን የሃይማኖት አዋቂ ጠይቁ።

4. ውሉ ላይ እነዚህን ፈልጉ

ማመልከቻው አጠገብ ወለድና ክፍያ በሰንጠረዥ ተዘርዝሮ ይገኛል። ባንኩ ይህን የማሳየት ግዴታ አለበት። ሙሉውን ውል የሚያነብ ጥቂት ነው፤ ሰንጠረዡን ግን አንብቡ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ዜሮው ለዕዳ ማዛወሪያ ነው ወይስ ለዕቃ ግዢ ብቻ? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንዱ 18 ወር ሆኖ ሌላው 6 ወር ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል።

ዜሮው የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ብዙ ጊዜ ካርዱ ከተከፈተበት ቀን ነው እንጂ ዕዳው ከተዛወረበት ቀን አይደለም። ካርዱን አውጥታችሁ አንድ ወር ተኩል ካመነታችሁ 18 ወሩ 16 ወር ተኩል ሆነ ማለት ነው።

ዕዳውን እስከ መቼ ማዛወር አለባችሁ? አንዳንዱ 60 ቀን ይሰጣል፣ ሌላው አራት ወር። ያ ቀን ካለፈ ዜሮውም ሊቀር፣ ክፍያውም ሊጨምር ይችላል።

ከዜሮው በኋላ ወለዱ ስንት ነው? ይህ ቁጥር ትልቅ ነው። እወቁት።

በተለይ የዕቃ መደብሮች የሚሰጧቸውን ካርዶች ተጠንቀቁ። «በ12 ወር ውስጥ ሙሉውን ከከፈሉ ወለድ የለም» የሚል ቃል ካያችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከጀርባ ሲታሰብ ይቆያል። ቀኑ ሲደርስ 50 ዶላር እንኳ ብትቀር የዓመቱ ወለድ በሙሉ ይጫንባችኋል። በመደበኛ የባላንስ ትራንስፈር ካርድ ግን ወለድ የሚጀምረው በቀረው ዕዳ ላይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻ ነው። ሶፋና ቴሌቪዥን ስትገዙ ካሸሩ ፈገግ ብሎ የሚያቀርብላችሁ የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

5. አመልክቱ፤ ዕዳውንም ቶሎ አዛውሩ

ፎርሙ ላይ የዓመት ገቢ ይጠየቃል። እውነተኛውን ጻፉ። 21 ዓመት የሞላችሁ ከሆነ፣ አብራችሁ የምትጠቀሙበትን የባለቤታችሁን ገቢም ማካተት ሕጉ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱ ሰዎች በቴሌፎናችሁ ላይ የሚታየውን ጠቅላላ ሳይሆን ከወጪ ቀሪ የሆነውን፣ ታክስ ላይ ያሳወቃችሁትን ተጠቀሙ።

ካርዱ ሲፈቀድ ሊሚቱ (የብድሩ ጣሪያ) ስንት እንደሆነ ታያላችሁ። 6,000 አስባችሁ 4,000 ሊሰጣችሁ ይችላል። የማዛወሪያ ክፍያውም ከዚሁ ሊሚት ውስጥ ነው የሚቆረጠው። ካልበቃ ከፍተኛ ወለድ ያለውን ካርድ አስቀድሙ፤ ሌላውን ባለበት ተዉት።

ለማዛወር የድሮውን ካርድ ቁጥርና የሚዛወረውን ገንዘብ መጠን በኦንላይን ወይም በስልክ መስጠት ብቻ ይበቃል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ በስልክ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ትልልቆቹ ባንኮች ይህን ያቀርባሉ። ለደላላ ወይም «ክሬዲት አስተካክላለሁ» ለሚል ሰው ግን ሶሻል ሴኩሪቲያችሁን አትስጡ።

ገንዘቡ እስኪደርስ ጥቂት ቀን፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ የድሮውን ካርድ መክፈል አታቁሙ። «አዛውሬዋለሁ» ብሎ አንድ ክፍያ መዝለል ስኮርን ይጎዳል፤ መቀጫም ያመጣል። ከደረሰ በኋላም የድሮውን ካርድ ስቴትመንት አንድ ሁለት ወር ተከታተሉ። በመሀል የተጠራቀመ ትንሽ ወለድ ይመጣል። 20 ወይም 30 ዶላር ሊሆን ይችላል። ካልተከፈለ ዘግይቷል ተብሎ ይመዘገባል።

6. የወሩን ክፍያ በመጀመሪያው ቀን ወስኑ

ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

ባንኩ በየወሩ «ቢያንስ ይህን ክፈሉ» የሚላችሁ ገንዘብ በጣም ትንሽ ነው። ዜሮ ወለድ ላይ ከዕዳው 1 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይችላል። 6,180 ዶላር ላይ ያ ወደ 62 ዶላር ነው። ደስ ይላል። ግን 18 ወር ሙሉ ያንኑ ብትከፍሉ የምትቀንሱት ወደ 1,000 ዶላር ብቻ ነው። ከ5,000 በላይ ዕዳ ይዛችሁ ወደ 24 በመቶ ወለድ ትመለሳላችሁ። 180 ዶላሩንም ከፍላችኋል።

ስለዚህ ሚኒመሙን እርሱት። ዕዳውን ከነክፍያው ለቀሩት ወራት አካፍሉ፤ ከወራቱም አንድ ቀንሱ። 18 ከሆነ በ17 አካፍሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ 364 ዶላር ይሆናል። ያቺ አንድ ወር መኪና ለተሰበረበት፣ ሥራ ለቀዘቀዘበት ጊዜ ትሆናለች። ከዚያ ኦቶፔይ (በየወሩ ከአካውንታችሁ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ውስጥ ገብታችሁ 364 ብላችሁ አስገቡ። ኦቶፔይ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ሚኒመሙን ራሱ መርጦ ይቆያል፤ እንድትቀይሩት ይጠብቃል። ቀኑንም ደመወዝ ከሚገባበት ቀን ማግስት አድርጉት።

ክፍያው ከ60 ቀን በላይ ከዘገየ ባንኩ ዜሮውን ሊያነሳ ሕጉ ይፈቅድለታል። 30 ቀን ሲሞላው ደግሞ ክሬዲት ሪፖርት ላይ ይወጣል። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ለተበዳሪው ብዙ ጥበቃ ሰጥቷል፤ ማስታወቂያ የወጣለት ወለድ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆይ ያስገድዳል። ጥበቃው ግን በሰዓቱ ለሚከፍል ነው።

እቁብ የምትጥሉ ከሆነ ሌላ ዕድል አላችሁ። የእቁባችሁ ዙር መቼ እንደሚያልቅ እና ዜሮው መቼ እንደሚያልቅ አብራችሁ እዩ። ዕጣው ከዜሮው ማብቂያ በፊት እንዲደርሳችሁ ዳኛውን አናግሩ፤ ዕጣ መለዋወጥ የሚፈልግ አባል አይጠፋም። እቁቡ ሲወጣ ቀሪውን ዕዳ በአንዴ መዝጋት ይቻላል። እኔ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ለእኛ ሰው በደንብ የሚገጥመው ይህ ነው። ግን የእቁቡ ክፍያም በየወሩ ከዚያው ደመወዝ እንደሚወጣ አትርሱ፤ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

7. በዚያ ካርድ ዕቃ አትግዙ

የተዛወረ ዕዳ ባለበት ካርድ ቡና እንኳ አትግዙ። በመደበኛ ካርድ የወሩን በሙሉ ስትከፍሉ ለግዢ ወለድ አይታሰብም። የተዛወረ ዕዳ ሲኖር ግን ያ የእፎይታ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ለግዢም ዜሮ ከሌለው፣ የገዛችሁት ዕቃ ከዚያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ወለድ ይበላል። ካርዱን ከኪስ ቦርሳ አውጡትና ቤት አስቀምጡት። ከስልካችሁና ከኦንላይን መግዣ ቦታዎችም አጥፉት።

የድሮው ካርድ ነገርም እንዲሁ ነው። አሁን ባዶ ሆኗል። 6,000 ዶላር ሊሚት ተከፍቶ ሲታይ ያምራል። ያንን እንደገና የሞላ ሰው ዕዳው ሁለት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

አዲስ ገንዘብ መበደር ቢያስፈልግስ?

እስካሁን ያወራነው ስላለ ዕዳ ነው። በዚሁ መንገድ አዲስ ገንዘብ በርካሽ መበደርም ይቻላል። የሚከፈለው ነገር ካርድ የሚቀበል ከሆነ፣ ለምሳሌ የሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ትምህርት ቤት፣ የነርስነት ኮርስ፣ የጥርስ ሕክምና፣ ለግዢ ዜሮ ወለድ የሚሰጥ ካርድ አውጡ። እዚህ የማዛወሪያ ክፍያ እንኳ የለም። ተቀባዩ ድርጅት በካርድ ስትከፍሉ ተጨማሪ ያስከፍል እንደሆነ ብቻ ጠይቁ።

ጥሬ ገንዘብ ካስፈለገ ደግሞ ባንኮች በፖስታ የሚልኳቸው ቼኮች አሉ። በራሳችሁ ስም ጽፋችሁ ቼኪንግ አካውንታችሁ ውስጥ ታስገባላችሁ። ከቼኩ ጋር ባለው ወረቀት ላይ እንደ ባላንስ ትራንስፈር በዜሮ ወለድ እንደሚታሰብ በግልጽ መጻፉን አረጋግጡ። ካልሆነ እንደ ካሽ አድቫንስ፣ ማለትም በካርድ እንደተወሰደ ጥሬ ገንዘብ፣ ይቆጠራል። ካሽ አድቫንስ በካርድ ከሚመጣ ብድር ሁሉ ውዱ ነው፤ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ያለ አንድ ቀን እፎይታ ይጀምራል። በካርዱ ከኤቲኤም ማውጣትም ያው ካሽ አድቫንስ ነው።

በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ቦታ ወይም ኮንዶሚኒየም ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ አታድርጉት። ዕዳው በዶላር ነው፤ ንብረቱ በብር። በ2024 ጁላይ መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ዶላር መንዝሮ ብር የያዘ ሰው ዕዳውን ለመክፈል ተመልሶ ዶላር ሲያስፈልገው ግማሽ ያህሉ የለም። ብሩን ወደ ዶላር ቀይሮ ማውጣቱም ቀላል አይደለም። አገር ቤት የሚሠራ ቤት ከቁጠባ ይሠራ።

ዘመድ «በአንተ ካርድ አዙርልኝ» ሲል

አንዳንድ ባንኮች የሌላ ሰው ዕዳ ወደ እናንተ ካርድ እንዲዛወር ይፈቅዳሉ። ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የቀበሌ ልጅ ይጠይቃል። ዕዳው ከተዛወረ በኋላ በሕግ የእናንተ ብቻ ነው። እንደ ዋስ እንኳ አይደለም፤ ዋስ ቢያንስ ዋናው ተበዳሪ አለው። መርዳት ከፈለጋችሁ አብራችሁት ቁጭ ብላችሁ በራሱ ስም አስወጡለት። ይህ ከገንዘቡ የሚበልጥ ዝምድናን ያተርፋል።

ዜሮው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው

ስልካችሁ ላይ ቀኑን ዛሬውኑ መዝግቡ። ባንኩ እንዲያስታውሳችሁ አትጠብቁ። ቀኑ ሲቀርብ ትንሽ ገንዘብ ከቀረ ከቁጠባ ዝጉት፤ 2 በመቶ በማያስገኝ ሴቪንግ ገንዘብ አስቀምጦ 24 በመቶ መክፈል አይጠቅምም።

ብዙ ከቀረ እንደገና ወደ ሌላ ካርድ ማዛወር ይቻላል። አንድ ጊዜ ምክንያት ኖሯችሁ ካደረጋችሁት ችግር የለውም፤ ልጅ ተወልዷል፣ ሥራ ተቋርጧል። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ከደረሳችሁ ግን ችግሩ ወለዱ አይደለም፤ ገቢና ወጪው አልተገናኘም። ያን ጊዜ ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት አማካሪ ፈልጉ። ናሽናል ፋውንዴሽን ፎር ክሬዲት ካውንስሊንግ አባል ድርጅቶቹን በየአካባቢው ያሳያል። እነሱ ከባንኮች ጋር ተነጋግረው ወለድ ሊያስቀንሱላችሁ ይችላሉ። በስልክ ደውሎ «ዕዳህን በግማሽ አስቀንሳለሁ፣ መጀመሪያ ክፈል» የሚላችሁን ግን ዝጉበት። ከ2010 ጀምሮ ሥራውን ሳይጨርስ በቅድሚያ ማስከፈል ክልክል ነው።

ሁሉም ተከፍሎ ሲያልቅ የድሮውን ካርድ ቸኩላችሁ አትዝጉት። ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው ክፍት ሆኖ መቆየቱ ለስኮራችሁ ይጠቅማል። ዓመታዊ ክፍያ ካለው ባንኩን ደውላችሁ ክፍያ ወደሌለው ካርድ እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ። በየወሩ ለዕዳው ስትከፍሉት የነበረውን 364 ዶላር ደግሞ ኦቶፔዩ በቆመበት ሳምንት ወደ ሴቪንግ አካውንት እንዲዛወር አድርጉት።